«ካሳውስ?»፦ ተማሪዎቹ ከደቡብ አፍሪካ ይዘውት የመጡት ጥያቄ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የምትለዋን አባባል የማያውቅ የለም። ፌስቡክ ላይ ስንከራከር እንኳ እንወረውራታለን። ግን የወጋውም የተወጋውም በአንድ ከተማ መኖር፣ በአንድ ታክሲ መሳፈር፣ በአንድ ክፍል መማር ግድ ሲሆንባቸውስ? አንዱ ረስቷል፣ አንዱ አልረሳም። ታዲያ እንዴት ነው አብሮ የሚኖረው?

ይህን ጥያቄ ቦታው ድረስ ሄደው ለማጥናት የዓለም ተማሪዎች ከሚመርጧቸው አገሮች አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካም በቡድን በቡድን ሆነው ይመጣሉ። የዘር ጭቆና እንዴት ሕግ ሆኖ እንደተጻፈ፣ እንዴት እንደፈረሰ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ሰዎቹ እንዴት «እንታረቅ» እንደተባባሉ ለማየት ነው የሚመጡት። ባለፈው ዓመት እኔም ከአሥራ ሁለት የአዲስ አበባ ተማሪዎች ጋር ለአሥር ቀን ሄጄ ነበር። እነሱ ሊማሩ፣ እኔ ልጽፍ። ከመሐላቸው ሕግ፣ ታሪክና ሶሺዮሎጂ የሚያጠኑ አሉ። አንድ የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪም ነበር። መንገዳችን ከጆሃንስበርግ ወደ ኬፕታውን፣ ከኬፕታውን ተመልሶ ወደ ጆሃንስበርግ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመታቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለት በር ያለው ሙዚየም

የጆሃንስበርጉ የአፓርታይድ ሙዚየም የተከፈተው በ2001 ነው። ትኬት ስትቆርጡ ወረቀቱ ላይ «ነጭ» ወይም «ነጭ ያልሆነ» የሚል ይወጣላችኋል። እንደ ዕጣ ነው፤ ከቆዳችሁ ቀለም ጋር ምንም አያገናኘውም። በሩም ሁለት ነው። አብሯችሁ የመጣው ጓደኛችሁ በዚያኛው፣ እናንተ በዚህኛው ትገባላችሁ።

የኛዎቹ መጀመሪያ ሳቁ። ሰልፊም ተነሡ። «ቻው ነጩ!» «ቻው ጥቁሯ!» ሲባባሉ ሰማሁ። ጥቂት እርምጃ ሄደው፣ የዚያን ጊዜ ሰዎች ይዘውት የሚዞሩት መታወቂያ ተሰቅሎ ሲያዩ ግን ሳቁ ቆመ።

በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ደቡብ አፍሪካዊ በዘር መድቦ መዘገበ። ነጭ፣ ጥቁር፣ «ከለርድ» የሚባለው ክልስ፣ በኋላም ሕንድ። ሰውየው የየትኛው እንደሆነ ካልለየስ? ፀጉሩ ውስጥ እርሳስ ይሰኩበታል። እርሳሱ ከወደቀ ወደ ነጭነት ተጠጋ፤ እዚያው ተሰክቶ ከቀረ አለቀለት። በዚህ ዓይነት ምደባ ከአንድ ቤት የወጡ ሰዎች በተለያየ ዘር ተመዝግበው ቤተሰብ ተበትኗል።

በዚያው ዓመት ሌላ ሕግ ማን የት ሰፈር መኖር እንደሚችል ወሰነ። በ1953 የወጣው የባንቱ ትምህርት ሕግ ደግሞ የጥቁር ልጅ ትምህርት ለጉልበት ሥራ ከሚያስፈልገው እንዳያልፍ አድርጎ ቀነሰው። መሬቱማ ቀድሞ አልቆ ነበር። በ1913 የወጣው የመሬት ሕግ ለአብዛኛው ሕዝብ የተወለት ከአገሪቱ መሬት 7 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። በ1936 ወደ 13 በመቶ ከፍ አለ።

የሶፍትዌር ተማሪው የሕጎቹን ዝርዝር ትክ ብሎ ሲያይ ቆየና እንዲህ አለኝ፦

«ይሄ እኮ ዳታቤዝ ነው። አንድ ኮለም ጨመሩ፣ ‹ዘር› የሚል። ከዚያ በኋላ የወጣው ሕግ ሁሉ ያችን ኮለም እያነበበ ነው የሚሠራው። የት ትኖራለህ፣ ምን ትማራለህ፣ ማንን ታገባለህ፣ ሁሉም ከእሷ ነው የሚወጣው።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በጉዞው ሁሉ አልሰማሁም። አፓርታይድን ሰው ለሰው ያለው ጥላቻ ብቻ አድርገን ካሰብነው መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ ተዋደዱ ማለት ነው። ጭቆናው ግን በመዝገብ፣ በካርታና በደመወዝ ውስጥ ነበር የተቀመጠው። የሚጠላህ ሰው ቢሞት እንኳ መዝገቡ አይሞትም።

አንድ ፎቶ ስንት ያስከፍላል?

ሶዌቶ ከጆሃንስበርግ መሐል ሩቅ አይደለም። ኦርላንዶ ዌስት በሚባለው ሰፈር በሄክተር ፒተርሰን ስም የተሠራ ሙዚየም አለ።

ታሪኩ የተማሪ ታሪክ ነው። መንግሥት የጥቁር ልጆች ሒሳብንና ማኅበራዊ ትምህርትን በአፍሪካንስ ቋንቋ ይማሩ ብሎ አዘዘ። አፍሪካንስ የገዢዎቹ ቋንቋ ነው፤ ልጆቹ አይችሉትም፣ ብዙዎቹ መምህራንም አይችሉትም። ጁን 16 ቀን 1976 በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ሰልፍ ወጡ። ፖሊስ ተኮሰ። ሄክተር 12 ዓመቱ ነበር።

ፎቶውን አይታችሁታል። ቱታ የለበሰ ወጣት የሄክተርን አካል ታቅፎ ይሮጣል፣ እህቱ ከጎኑ እጇን ዘርግታ ታለቅሳለች። ያነሣው ሳም ንዚማ ነው። ፎቶው በዓለም ጋዜጦች ዞረ። በዛሬ ቋንቋ «ቫይራል ሆነ» እንላለን።

እኛ ሼር አድርገን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ከፎቶው ጀርባ የነበሩት ሰዎች ግን ማለፍ አልቻሉም። ንዚማ የፖሊስ ማስፈራሪያ ሲበዛበት ከተማውንና ሙያውን ትቶ ወደ ትውልድ መንደሩ ገባ። የገዛ ፎቶው ባለቤትነት መብት የተመለሰለት በ1998 ነው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ። ሄክተርን ታቅፎ የሮጠው ምቡዪሳ ማኩቦ አገር ጥሎ ተሰደደ። እናቱ የመጨረሻ ደብዳቤውን ያገኙት በ1978 ከናይጄሪያ ነው። ከዚያ ወዲህ የት እንደደረሰ አልታወቀም።

አንዷ የታሪክ ተማሪ ማስታወሻዋ ላይ ሦስት ስም ጻፈች፦ የሞተው፣ የተሸከመው፣ ያነሣው። ከሥራቸው «ለነዚህ ማን ምን ከፈለ?» ብላ አሰመረችበት። ያኔ ጥያቄው እንዲህ እየተከተለን እንደሚሄድ አላወቅንም።

ኮልፌና ሮበን ደሴት

ኬፕታውን ላይ ሁሉም ሰው መሄድ የሚፈልገው ሮበን ደሴት ነው። ማንዴላ ከ27 የእስር ዓመታቱ 18ቱን ያሳለፈው እዚያ ነው። ዩኔስኮ በ1999 የዓለም ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። በጀልባ ነው የሚኬደው።

በጉዞው የኛ ልጆች ትንሽ ኩራት ቢጤ ነበረባቸው። አይፈረድባቸውም። ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ ነበር፤ መጀመሪያ ለስብሰባ፣ ከዚያ ኮልፌ ለወታደራዊ ሥልጠና። የያዘው ፓስፖርት ዴቪድ ሞትሳማዪ በሚል ስም የተሰጠው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነበር። ስድስት ወር ይፈጃል የተባለው ሥልጠና በሁለት ወር ገደማ ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ። ኦገስት 5 ቀን በፖሊስ እጅ ወደቀ።

እኔን ከዚያ ታሪክ ሁሉ የበለጠ የገረመኝ ግን ማንዴላ በሕይወት ታሪኩ የተናገረው አንድ ነገር ነው። ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ተሳፈረ። አብራሪው ጥቁር መሆኑን ሲያይ ለቅጽበት ደነገጠ። ጥቁር ሰው እንዴት አውሮፕላን ያበራል? ወዲያው ነቃና አፓርታይድ እሱም ጭንቅላት ውስጥ እንደገባ ገባው። ማንዴላን! ዕድሜውን ሙሉ የታገለውን ሰው!

የዘር ጭቆና የመጨረሻው ግቡ ይሄ ነው። የተጨቆነው ሰው ራሱን በጨቋኙ ዓይን እንዲያይ ማድረግ።

ደሴቱ ላይ እስር ቤቱን የሚያስጎበኙት ራሳቸው የቀድሞ የፖለቲካ እስረኞች ናቸው። አስጎብኚያችን እኚህ አባት ድምፃቸውን ከፍ አያደርጉም። የእስረኞች የምግብ ዝርዝር የተጻፈበትን ሰሌዳ በጣታቸው አሳዩን። በእስር ቤት ውስጥ እንኳ ምግቡ በዘር ነው የሚታደለው። ለክልሱና ለሕንዱ ማርማላታ አለው፤ ለጥቁሩ የለውም። የሥጋው መጠን እንኳ ለጥቁሩ ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁር እስረኞች ቁምጣ ሱሪ፣ ሕንዶቹ ረጅም ሱሪ ነበር የሚሰጣቸው። ለምን ቢባል ጥቁር ሰው ለነሱ «ልጅ» ነዋ።

ጀልባው ላይ ከአሜሪካ የመጡ ተማሪዎች አግኝተን ነበር። ከነሱ አንዷ የኛዎቹን ወሬ ስትሰማ ዞር ብላ «ሀበሻ ናችሁ?» አለች። ሜሪላንድ የተወለደች ናት። ያለፈው ዓመት ደግሞ አላባማ፣ ሞንትጎመሪ ከተማ ሄደው ነበር። እዚያ በ2018 የተከፈተ መታሰቢያ አለ። በነጮች መንጋ ፍርድ የተገደሉ ከ4,400 በላይ ጥቁሮች የሚታሰቡበት፣ ከ800 የሚበልጡ የብረት ዓምዶች የተንጠለጠሉበት ቦታ ነው።

«እናቴና አባቴ ‹እኛ ሀበሻ ነን› ይሉኛል» አለችን። «ፖሊስ ሲያስቆመኝ ግን ጥቁር ነኝ። እኛ ጋ መታሰቢያው አለ፤ እንዲህ ዓይነት ኮሚሽን ግን በአገር ደረጃ የለም። እዚህ የመጣሁት ኮሚሽኑን ለማየት ነው።»

እውነቱን ተናገር፣ ምሕረት ውሰድ

ኮሚሽኑ ምን እንደነበር ባጭሩ ልንገራችሁ።

በ1994 አፓርታይድ አበቃ፣ ማንዴላም ፕሬዚዳንት ሆነ። የሚቀጥለው ጥያቄ ገዳዮቹን፣ ገራፊዎቹን ምን እናድርጋቸው የሚል ነበር። ሁሉንም እንክሰስ ቢሉ ጦሩና ፖሊሱ ገና በነሱ እጅ ነው። እንርሳው ቢሉ ደግሞ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ መካከለኛ መንገድ ፈለጉ። በ1995 በወጣ ሕግ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው ሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ ሆኑ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከ1960 እስከ 1994 ባለው ጊዜ በፖለቲካ ምክንያት ወንጀል የሠራ ሰው፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ያደረገውን አንዳች ሳይደብቅ ከተናገረ ምሕረት ሊያገኝ ይችላል። አዝናለሁ ማለት ግዴታ አይደለም፤ ግዴታው እውነቱን ሙሉ በሙሉ መናገር ነው። ተጎጂዎችም በአደባባይ ይናገራሉ፣ ቴሌቪዥንና ሬዲዮ ያስተላልፋል።

የመጀመሪያው ችሎት ኤፕሪል 1996 ኢስት ለንደን በምትባለው ከተማ ተቀመጠ። ባሏን ፎርት ካላታን በ1985 የጸጥታ ፖሊሶች ከሦስት ጓዶቹ ጋር የገደሉባት ኖሞንዴ ካላታ ቃሏን ስትሰጥ ከውስጧ የወጣው ጩኸት አዳራሹን አቆመው። ብዙዎች ኮሚሽኑ በእውነት የተጀመረው በዚያች ጩኸት ነው ይላሉ።

ከ21,000 በላይ ተጎጂዎች ቃላቸውን ሰጡ። ምሕረት የጠየቁት 7,112 ነበሩ፤ 849 ሰዎች ተፈቀደላቸው፣ 5,392 ተከለከሉ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ተማረ የሚባለው ልክ አይደለም።

ኬፕታውን ዳር ጉጉሌቱ የሚባል ሰፈር አለ። ኤሚ ቢህል የተገደለችው እዚያ ነው። ልክ እንደነዚህ ልጆች ልትማር የመጣች አሜሪካዊት ነበረች፤ የፉልብራይት ተማሪ፣ 26 ዓመቷ። በኦገስት 1993 ጓደኞቿን ቤታቸው ልታደርስ በመኪና ስትገባ በቁጣ ላይ የነበሩ ወጣቶች ነጭ መሆኗን ብቻ አይተው ገደሏት። ትግሉን የምትደግፍ መሆኗን ማን ይጠይቃል? አራት ሰዎች ተፈረደባቸው። በ1998 ኮሚሽኑ ምሕረት ሲሰጣቸው እናትና አባቷ አልተቃወሙም። በስሟ ለሰፈሩ ልጆች የሚሠራ ድርጅት አቋቋሙ። ከገዳዮቹ ሁለቱ በኋላ እዚያው ድርጅት ውስጥ ተቀጥረው ሠሩ።

ይህን ስንሰማ መኪናው ውስጥ ጸጥ አለ። አንዱ «እኔ አልችልም» አለ። ሌላው «ማንም አስገድዶህ አይደለም እኮ፤ እነሱ ራሳቸው ናቸው የመረጡት» አለው። ያኔ ነው የሕግ ተማሪዋ፣ ገጠር ያደገችው፣ ቀኑን ሙሉ ዝም ያለችው ልጅ የተናገረችው፦

«አያቴ ሽማግሌ ነበሩ። ደም ሲያስታርቁ ዐይቻለሁ። መጀመሪያ ገዳዩ ጥፋቱን ያምናል። ከዚያ ካሳ ይቆረጣል። ካሳው ሲከፈል ነው መሐላው። እነዚህ እውነቱን አወጡ፣ ምሕረቱን ሰጡ። ካሳውስ?»

የቀረው ሒሳብ

ጥያቄዋ በቀላሉ የሚመለስ አይደለም። ኮሚሽኑ ራሱ ካሳን አልዘነጋም። ለተጎጂዎች ለስድስት ዓመት በየዓመቱ ገንዘብ እንዲከፈል፣ በአፓርታይድ የከበሩ ኩባንያዎችም ልዩ ግብር እንዲያዋጡ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። መንግሥት በ2003 የወሰነው ግን ለእያንዳንዱ ተጎጂ አንድ ጊዜ ብቻ 30,000 ራንድ እንዲሰጥ ነው። ልዩ ግብሩ ቀረ።

ምሕረት የተከለከሉትስ? ኮሚሽኑ 300 ያህል መዝገቦችን ለዐቃቤ ሕግ አስተላልፏል። ፍርድ ቤት የደረሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የፎርት ካላታና የጓዶቹ ገዳዮች ምሕረት ተከልክለው ነበር፤ ሳይከሰሱ ሞቱ። በ2025 መጀመሪያ የተጎጂ ቤተሰቦች መንግሥትን ከሰሱ። ፕሬዚዳንት ራማፎዛም መዝገቦቹ ሆን ተብለው ተዳፍነው እንደሆነ የሚያጣራ ኮሚሽን አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የአራቱ ሰዎች የሞት ምርመራ እንደገና ተከፈተ። አርባ ዓመት መሆኑ ነው። አባት ሲሞት ሕፃን የነበረ ልጅ ዛሬ ጎልማሳ ሆኖ ነው ፍርድ ቤት የሚመላለሰው።

ካሳ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይምሰላችሁ። ኬፕታውን መሐል ዲስትሪክት ሲክስ የሚባል ሰፈር ነበር። ጥቁሩ፣ ክልሱ፣ ሕንዱ፣ ሙስሊሙ፣ ክርስቲያኑ፣ ይሁዲው ተቀላቅሎ የሚኖርበት። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1966 መንግሥት «የነጭ ሰፈር» ብሎ አወጀው። ከ60,000 በላይ ሰዎች ተነሡ፣ ቤቱ በዶዘር ተናደ። ከፈረሱት ቤቶች መሬት በከፊሉ ላይ ኮሌጅ ተሠራ፤ ብዙው ግን ለአሥርት ዓመታት ባዶውን ቀረ።

በአንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለው የሰፈሩ ሙዚየም ወለሉ ካርታ ነው። የቀድሞ ነዋሪዎች ቤታቸው የነበረበት ቦታ ላይ ስማቸውን ጽፈዋል። በ2004፣ ልክ ሰፈሩ «የነጭ» ከተባለ በ38ኛው ዓመት፣ ከሰማንያ ያለፉ ሁለት አዛውንቶች ከማንዴላ እጅ የአዲስ ቤት ቁልፍ ተቀብለው ተመለሱ። የሌሎቹ መመለስ ግን ተጓተተ። ቁልፉን ሳያዩ ያለፉ ብዙ ናቸው።

ሰፋ አድርገን ካየነውም ያው ነው። በ2017 የተሠራው የመንግሥት የመሬት ጥናት እንዳሳየው በግለሰቦች ከተያዘው የእርሻ መሬት 72 በመቶው በነጮች እጅ ነው፤ ነጮቹ ከሕዝቡ አሥር በመቶ እንኳ አይሞሉም። በዓለም ባንክ መለኪያ ደግሞ ደቡብ አፍሪካ ከዓለም እኩልነት የራቃት አገር ናት። ዳታቤዙ ውስጥ ያለችው ኮለም ተሰርዛለች፤ በእሷ የተሠራው ውጤት ግን እንዳለ ነው።

ወጣቱም ይህንኑ ነው የሚጠይቀው። በ2015 የኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቅኝ ገዢውን የሴሲል ሮድስን ሐውልት ከግቢያቸው አስነሥተዋል። በዚያው ዓመት መጨረሻ በመላ አገሪቱ የትምህርት ክፍያን ተቃውመው ወጡ። አፓርታይድ ካበቃ በኋላ ያደጉ ልጆች ናቸው። አባቶቻቸው ምርጫ ካርድ አገኙ፤ እነሱ ደግሞ ክፍያ አጥተው ከዩኒቨርሲቲ ደጅ እንዳይመለሱ ነው የጮኹት።

ጄፒ ላይ የሰማነው

በመጨረሻው ቀን ጆሃንስበርግ ተመልሰን የሀበሻ ነጋዴዎች ወደሚበዙበት ወደ ጄፒ ሄድን። ከፎቅ እስከ ፎቅ ብርድ ልብስ፣ መጋረጃ፣ ልብስ ነው። ከታች ቡና ይሸታል። ከሆሳዕናና ከአካባቢው የመጡ ብዙ ናቸው።

መጋረጃ የሚሸጥ አንድ ወንድማችን ወንበር ስቦ አስቀመጠን።

«እሺ እህቴ፣ እዚህ አገር ምን ልትማሩ መጣችሁ?»

«ስለ ዘር ጭቆናና ስለ ዕርቅ።»

ሳቀ። «ጭቆናውን እኔን ጠይቁኝ። ዕርቁን ግን እስካሁን አልደረሰኝም።»

ቀልዱ መራራ ነው። በሜይ 2008 በስደተኞች ላይ በተነሣው ጥቃት 62 ሰዎች ተገድለዋል። በኤፕሪል 2015 እንደገና በደርባንና በጆሃንስበርግ ሱቆች ተቃጠሉ፤ ከሞቱትና ከተጎዱት ውስጥ የኛም ልጆች ነበሩ። እውነት ለመናገር በሺዎች የሚቆጠሩ ደቡብ አፍሪካውያን ጥቃቱን ተቃውመው ሰልፍ ወጥተዋል። ጥቃቱ ግን አልቆመም።

ስለ ጎዳናው አንድ ነገር ልጨምር። ጄፒ የምንለው ጎዳና ዛሬ በይፋ የሚጠራው በራሂማ ሙሳ ስም ነው። እሷ በኦገስት 1956 በፕሪቶሪያ 20,000 ያህል ሴቶችን ይዘው ሰልፍ ከመሩት አንዷ ናት። ሰልፉ ጥቁሮች ከቦታ ቦታ ለመንቀሳቀስ ይዘውት መዞር ያለባቸውን የይለፍ ወረቀት ለመቃወም ነበር። ዛሬ በእሷ ጎዳና ላይ ሀበሻ ከሀበሻ ሲገናኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠያየቀው «ወረቀት አለህ?» ነው።

የተበደለ ሕዝብ ሌላውን እንዴት ይበድላል? ተማሪዎቹ ማታ ሆቴል ውስጥ የተጨቃጨቁት በዚህ ነው። አንዱ «ድህነት ነው፤ ሥራ ከሚፈልገው ሦስት ሰው አንዱ ሥራ አጥ በሆነበት አገር ምን ትጠብቃለህ?» ይላል። ሌላዋ «ድሃ ሁሉ ሱቅ አያቃጥልም» ትላለች። የአያቷ የልጅ ልጅ ግን ወደ ጥያቄዋ ተመለሰች። «ካሳው ያልደረሰው ሰው ዕዳውን ከማን ይጠይቅ? ባለዕዳው አጥር ውስጥ ነው፣ ዘበኛ አለው። ሱቅ ከፍቶ ደጁ ላይ የተቀመጠው ግን ስደተኛው ነው።»

ጥቃቱን ይቅር የሚያስብል አይደለም፤ እሷም እንደዚያ አላለችም። ግን ልክ ናት። ያልተከፈለ ካሳ አድራሻውን ይስታል።

ለኛስ?

«ይሄ ሁሉ የነሱ ጉዳይ ነው፣ እኛ የዘር አፓርታይድ አልነበረብንም» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። እውነት ነው፣ አገሩ ሌላ፣ በደሉም ሌላ። ጥያቄው ግን ደጃችን ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ እውነትን በምሕረት ስትለውጥ እኛ በዚያው ዘመን ሌላ መንገድ ይዘን ነበር። በ1992 የደርግን ወንጀል የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ አቋቁመን ፍርድ ቤት ሄድን። በመንግሥቱ ኃይለ ማርያምና በባልደረቦቹ ላይ የጥፋተኝነት ውሳኔው የተሰጠው በዲሴምበር 2006 ነው። ቅጣቱ ተነገረ፤ ሐዘንተኞቹ ግን አደባባይ ወጥተው አገር ሁሉ እየሰማቸው የሚያለቅሱበት መድረክ አላገኙም። እነሱ ፍርዱ ጎደላቸው፣ እኛ አደባባዩ።

ከዚያ ወዲህ በ2011 ዓ.ም. የዕርቀ ሰላም ኮሚሽን አቋቋምን። በ2014 ዓ.ም. የምክክር ኮሚሽን ተከተለ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸደቀ። ፖሊሲው እውነት ማፈላለግን፣ ክስን፣ ምሕረትን፣ ማካካሻንም ያነሣል። ወረቀቱ ላይ ካሳ አለ ማለት ነው። ለማን፣ በምን፣ መቼ የሚለውን የሚጠይቁ ሰዎች ካልበዙ ግን ወረቀቱ ላይ ሊቀር ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ያስተማረችን ይህንኑ ነው። እዚያም ሐሳቡ ተጽፎ ነበር።

ለዚህ ነው የተማሪዎች ጉዞ ከሽርሽር የሚለየው። ልጆቹ ሄደው የደቡብ አፍሪካን ዕርቅ አድንቀው ብቻ ቢመለሱ ኖሮ ፖስትካርድ በቂ ነበር። «ከሽፏል» ብለው ቢመለሱም ልክ አይሆንም፤ አገሪቱ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ሳትገባ ቀርታለች፣ ኖሞንዴ ካላታ ጮኻ አገር ሰምቷታል፣ ይህ ትንሽ አይደለም። እነሱ ይዘው የተመለሱት የሽማግሌ ሚዛን ነው። እውነቱ ወጣ ወይ? ጥፋተኛው አመነ ወይ? ካሳው ተቆረጠ ወይ? ማን ከፈለ?

እንዲህ ዓይነት ዕድል ለማግኘት ፎርም የምትሞሉ ወጣቶች ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ቴሌግራም ላይ በየቀኑ ሊንክ ትልኩልኛላችሁ። ሙሉ፣ ተወዳደሩ። እስከዚያው ግን መስቀል አደባባይ ጥግ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ከአሥራ ሁለቱ ተማሪዎች ከጉዞው በፊት ገብተው ያዩት አራት ነበሩ። አሁን አሥራ ሁለቱም ገብተዋል። ፎቶዎቹን፣ ልብሶቹን፣ አጽሙን አይተው ሲወጡ የሕግ ተማሪዋ በሩ ላይ ለነበሩት አዛውንት ምን ብላ እንደጠየቀች መገመት አያቅታችሁም።

ፓስፖርት አይጠይቅም። የታክሲ ሒሳብ ብቻ ነው።